ዓሣውን የምንለቀው ከሆነ በሕይወት እንልቀቀው

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



  ስለ ዓሣ እንናገራለን ስንል አንዳንድ ወገኖች ፈገግ እንዳሉ አይተናል። ባለሱቅ ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ዓሣ ምን ያውቃል ማለታቸው ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ ባለሱቆች ነን፤ ትምህርታችንም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በሱቃችን ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን መንጠቆና ክር ስንሸጥ ብዙ ዓመት ቆይተናል። መንጠቆ የገዛ ሰው ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ያወራል። እዚህ የምናቀርበው ከደንበኞቻችን የሰማነውን፣ ከሱዳን ዓሣ አጥማጆች የተማርነውንና አንብበን ያገኘነውን ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ልጅ መንጠቆ ይጥላል፤ ዓሣ ይይዛል። ዓሣው ትንሽ ነው፤ ወይም የማይበላ ነው። እናቱ «ተወው፣ ልቀቀው» ትላለች። ከመልቀቁ በፊት ግን ፎቶ ይነሣል። በማግስቱ ስልኩን ባንኮኒያችን ላይ ዘርግተው ያሳዩናል። ዓሣው አሸዋ ላይ ተጋድሟል፤ ቀጥሎ ልጁ አንጠልጥሎታል፤ ቀጥሎ እህቱ ይዛዋለች፤ ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው ተነሥተዋል። «ከዚያስ ምን ሆነ?» ስንል «ለቀቅነው» ይሉናል። «ሄደ ወይ?» ስንል «አዎ፣ ተንሳፍፎ ሄደ» ይሉናል።

ወገኖቻችን፣ ዓሣ ተንሳፍፎ አይሄድም። ዋኝቶ ነው የሚሄደው። ተንሳፍፎ የሄደው ዓሣ ሞቷል፤ ወይም ሊሞት ነው። ልጁ ምሕረት ያደረገ መስሎት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዓሣው ግን ለማንም ሳይጠቅም ይባክናል። ዛሬ የምንናገረው ይህን ለማስቀረት ነው።

ፎቶ አታንሡ የሚል ምክር ከእኛ አትሰሙም

ፎቶግራፍ ለእኛ ማኅበረሰብ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ዕለቱ የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቀዳም ሥዑር ነበር። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ረመዳን እየተገባደደ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ከባሕሪ ሲወጣ የያዘው ልጁን፣ ሰነዱንና ስልኩን ብቻ ነው። የግድግዳው ፎቶ፣ የሠርጉ አልበም፣ የልጆቹ የክርስትና ሥዕል እዚያው ቀረ። ዛሬ አንዳንዶቻችን ወደ ባሕሪ ተመልሰናል፤ አንዳንዶቻችን በገዳሪፍና በፖርት ሱዳን፣ ሌሎቻችንም በአዲስ አበባና በጎንደር እንገኛለን። ለብዙዎች የባሕሪ ማስታወሻ ሆኖ የተረፈው በስልክ ውስጥ የቀረው ፎቶ ነው፤ በዚያም ውስጥ በዓባይ ዳር ቆሞ ዓሣ የያዘ ልጅ ይገኝበታል። ስለዚህ ፎቶው ይነሣ እንላለን። ዓሣው ግን ለፎቶው ሲባል አይሙት። ሁለቱም የሚሆንበት መንገድ አለ፤ ወጪም የለውም።

ለመሆኑ ዓሣ የምንለቀው ለምንድን ነው?

ፈረንጆች ዓሣን ለጨዋታ ይዘው የሚለቁበት ልማድ አላቸው። እኛ ዘንድ ምክንያቱ ሌላ ነው። አንደኛ፣ ዓሣው ትንሽ ሲሆን ቢያድግ ይሻላል ብለን እንለቀዋለን። ሁለተኛ፣ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ብዙው ክርስቲያን ቤተሰብ አይበላም፤ አምባዛን ነው የምንለው፤ ሱዳኖች ቀርሙጥ የሚሉት። ሦስተኛ፣ ጾም ላይ ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ አለ፤ ልጁ ግን ማጥመድ ይወዳል። አራተኛ፣ ለእራት የሚበቃው ከተያዘ በኋላ የመጣው ትርፍ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እኛ የማንበላውን ቀርሙጥ ሱዳናዊው ጎረቤታችን ደስ ብሎት ይበላዋል። ስለዚህ ዓሣው ተጎድቶ ከሆነ፣ መንጠቆው ስንጥቡን ቀዶት ደም እየፈሰሰው ከሆነ፣ ከመወርወር ለጎረቤት መስጠት ይሻላል። ወንዙ ዳር መረቡን ጥሎ ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ ሰው አለ። በእሱ ፊት ዓሣን አሸዋ ላይ አንፈራፍሮ፣ ስቆ፣ ከዚያም የሞተውን ወደ ውሃ መወርወር ነውር ነው። እንግዳ ሆኖ በሰው አገር የሚኖር ሰው ደግሞ ለነውር የበለጠ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ መንጠቆው ከመጣሉ በፊት ቤተሰቡ ይወስን። የምንበላው ነው ወይስ የምንለቀው? የምንበላው ከሆነ ቶሎ ይታረድ፣ አይሰቃይ። የምንለቀው ከሆነ ደግሞ በሕይወት ይለቀቅ። መሐል ላይ የሚዋልል ነው ዓሣውን የሚገድለው።

ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ምን ይሆናል?

ዓሣ የሚተነፍሰው ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ባለው ቀይ ስንጥብ ነው። ስንጥቡ እንደ ስስ ቅጠል የተደራረበ ነው። ውሃ ውስጥ ሲሆን ቅጠሎቹ ተዘርግተው አየሩን ከውሃው ይወስዳሉ። ከውሃ ሲወጣ ግን እንደ ረጠበ የመጽሐፍ ገጽ ይጣበቃሉ። ዓሣው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚያገኘው ግን የለም። በዚያ ላይ ከመንጠቆው ጋር ሲታገል ደክሟል። አንድ ሰው ሩጫ እንደ ጨረሰ አፍና አፍንጫው ቢታፈን ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ የታተመ አንድ ጥናት ይህንን በቁጥር አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው ትራውት በሚባለው ዓሣ ላይ ነው፤ በአገራችንም በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ አለ። ዓሦቹን እያባረሩ እስኪደክሙ ድረስ አዋኟቸው። ከውሃ ሳይወጡ ከቀሩት ውስጥ በ12 ሰዓት ጊዜ የሞቱት ከመቶ 12 እጅ ናቸው። ከደከሙ በኋላ ለ30 ሴኮንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 እጅ ሞቱ። ለ60 ሴኮንድ ከቆዩት ደግሞ 72 እጅ ሞቱ። ልብ በሉ፣ ሁሉም ወደ ውሃ ሲመለሱ በሕይወት ነበሩ። ትራውት የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው፤ የዓባይ ዓሣ ሁሉ በዚያው ልክ ይሞታል አንልም። ነገር ግን ግማሽ ደቂቃ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ከዚህ እንረዳለን።

የእኛ ወንዝ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ሙቀት። ውሃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። በካርቱም የበጋ ፀሐይ የደከመ ዓሣ ትንፋሹን ለመመለስ ይቸገራል። አሸዋውና ድንጋዩም እንደ ምጣድ ይግላል። ስለዚህ ለመልቀቅ የሚያጠምድ ሰው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢሄድ ለዓሣውም ለልጆቹም ይሻላል።

አንዳንድ ልጅ «ቀርሙጥ ከውሃ ወጥቶ ብዙ ሰዓት ሲቆይ አይተናል» ይላል። ልክ ነው። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ከሌሎቹ ይልቅ ይታገሣል። አምባዛን አይታችሁ ግን በቆሮሶ አትፍረዱ። ቆሮሶ፣ ሱዳኖች ቡልጢ የሚሉት፣ ያ አካል የለውም።

አያያዝ

አንደኛ፣ መንጠቆው። አንድ ጫፍ ያለውን እንጂ ሦስት ጫፍ ያለውን አትግዙ። እኛ ሻጮች ሆነን ይህን ስንል ኪሳችንን እየጎዳን እንደሆነ ይታወቅልን። መንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የሚመለስ ትንሽ እሾህ አለ። ዓሣው አፍ ውስጥ ገብቶ የሚቀድደው፣ የሰው ጣት ውስጥም ገብቶ አልወጣ የሚለው እሱ ነው። በፒንሳ ጨፍልቃችሁ አስተኙት። ክሩን ሳታላሉ ከያዛችሁ ዓሣው አያመልጥም፤ ሲለቀቅ ግን መንጠቆው በአንድ አፍታ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ክሩ። ቀጭን ክር ይዞ ከዓሣ ጋር ሩብ ሰዓት መታገል ጀግንነት አይደለም። ጠንካራ ክር ይኑራችሁ፤ ቶሎ ሳቡት፤ ሳይደክም ይምጣ።

ሦስተኛ፣ እጅ። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በውሃ አርጥቡ። የዓሣ ገላ የሚያሙለጨልጨው ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ልጋግ ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው። በደረቅ እጅ፣ በፎጣ፣ በጋዜጣ ወይም በአሸዋ ከያዝነው ልብሱን ገፈፍነው። በዕለቱ ዋኝቶ ቢሄድም ከቀናት በኋላ ቁስል ሊጀምረው ይችላል።

አራተኛ፣ አያያዙ። አንድ እጅ ከጅራቱ ሥር፣ ሌላው እጅ ከሆዱ በታች ከፊተኞቹ ክንፎች ኋላ ይሁን። ዓሣው አግድም ይተኛ። ጣት ወደ ስንጥቡ ወይም ወደ ዓይኑ አይግባ። በተለይ ትልቁን ዓሣ በመንጋጋው ብቻ ቁልቁል አታንጠልጥሉት። ዒጅልን፣ ማለትም ናይል ፐርችን፣ ሱዳኖች «ጥጃ» ብለው የሰየሙት በከንቱ አይደለም። ሲያድግ ከመቶ ኪሎ በላይ ይሆናል፤ በአገራችንም በጫሞ ሐይቅ አለ። ይህን ያህል ክብደት ውሃው ነበር የተሸከመው። በመንጋጋው ሲሰቀል መገጣጠሚያውና የሆድ ዕቃው ይጎዳል።

አምስተኛ፣ መንጠቆው ከተዋጠ አትጎትቱ። የገባው ጉሮሮ ድረስ ከሆነ ክሩን አፉ አጠገብ በመቀስ ቁረጡትና ልቀቁት። መንጠቆ በሆዱ ይዞ የመዳን ተስፋው ጉሮሮው ተቀድዶ ከሚለቀቀው ይበልጣል።

ስድስተኛ፣ አለቃቀቅ። አትወርውሩ። ዝቅ ብላችሁ ውሃው ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ፊቱ ወደሚፈስሰው ውሃ ይዙር። ውሃው ራሱ በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ያልፋል። አንዳንዶች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሱታል፤ ይህ አይጠቅመውም፤ ውሃ በስንጥቡ የሚያልፈው ከፊት ወደ ኋላ ነውና። ጅራቱን መትቶ ከእጃችሁ ሲወጣ ያን ጊዜ ሄደ በሉ። እናንተ አትልቀቁት፤ እሱ ይልቀቃችሁ።

የፎቶግራፉ ነገር

ዓሣ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ካሜራ ሲፈለግ ነው። «ስልኩ የት አለ? ቻርጅ የለውም እኮ። የአንተን አምጣ። ፀሐዩ አስቸገረ፣ ወደዚህ ዙር። አንዴ ደግሞ ከአባባ ጋር።» በዚህ መሐል ሁለት ደቂቃ ያልፋል።

ስለዚህ ሥራ እንከፋፈል። አንድ ሰው ያጥምድ፤ አንድ ሰው ፎቶ ያንሣ። ፎቶ የሚያነሣው ስልኩን ከፍቶ፣ ፀሐዩን ከጀርባው አድርጎ፣ ቦታውን መርጦ ይጠብቅ። ዓሣው በዚህ ጊዜ ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው። መንጠቆውም የሚነቀለው እዚያው ውሃው ውስጥ ሆኖ ነው። ውሃ ዳር መድረስ ለትንንሾቹ የሚያሰጋ ከሆነ ንጹሕ የወንዝ ውሃ የሞላበት ሰፊ ባልዲ ይዘጋጅ።

ዝግጁ ሲሆን የያዘው ልጅ ተንበርክኮ ዓሣውን ከውሃው አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ያድርግ። ከእጁ ቢያመልጥ የሚወድቀው ውሃ ላይ እንጂ ድንጋይ ላይ አይሆንም። ሲያነሣው ልጁም ትንፋሹን ይያዝ። ሁላችንም እስከ አሥር እንቁጠር። አሥር ስንል ዓሣው ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ልጁም ይተንፍስ። ይህን ዘዴ ለልጆች ስንነግራቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ዓሣው ምን እንደሚሰማው በገዛ ደረታቸው ያውቁታልና። በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ስልክ ብዙ ፎቶ ያነሣል። ካልተሳካ ዓሣው ውሃ ውስጥ ያርፍና አንድ ጊዜ ብቻ ይደገማል። ከዚያ በኋላ በቃ።

እንዲያውም ምርጥ ፎቶ የሚወጣው ዓሣው ግማሽ ገላው ውሃ ውስጥ እያለ ነው። ቀለሙ አይደርቅም፤ ቅርፊቱ ያበራል፤ ልጁም ወደ ዓሣው ስለሚያይ ፊቱ ያምራል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ዓሣው ከእጅ ሲወጣ በቪዲዮ መቅረጽ ነው። ያኔ ማንም «ሄደ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ይታያል።

አንድ ሌላ ማሳሰቢያ አለን፤ ይህ ደግሞ ለሰውም ነው። ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን ሱዳን ውስጥ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሣት፣ በተለይ ድልድይንና ወታደራዊ ቦታን ማንሣት፣ ክልክል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጥርጣሬው የባሰ ነው። ስለዚህ ከልጁ ጀርባ ድልድይ፣ ወታደር፣ ኬላ ወይም የመንግሥት ሕንፃ እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ካሜራው ወደ ታች፣ ወደ ውሃውና ወደ ዓሣው ይመልከት። የዓሣ ፎቶ ብሎ ወጥቶ ጣቢያ ማደር አያስፈልግም።

ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ዓሦች

ልጆች፣ ዓባይ ውስጥ ለፎቶ የማይመቹ ዓሦች አሉ። ካስ የሚባለው ጥርሱ ከአፉ ውጭ የሚታይ ነው፤ ጣት ይቆርጣል። መንጠቆው በፒንሳ እንጂ በእጅ አይነቀልም። ቀርቁር የሚባለው ደግሞ በጀርባውና በሁለት ጎኑ እንደ ጦር የሚቆም እሾህ አለው። ሲደነግጥ እሾሁን ቆልፎ ይይዛል፤ ቢጨብጡት ይወጋል።

ረዓድ የሚባል ዓሣ አለ፤ ገላው ወፍራምና ለስላሳ፣ ቅርፊት የሌለው ነው። ይህ ዓሣ ኤሌክትሪክ ይረጫል፤ እስከ 350 ቮልት ሊደርስ ይችላል። አትንኩት። ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ውሃው ይመለስ።

ፈሃቃ የሚባለው ግን ልጆች በጣም የሚወዱት ነው፤ ሲነካኩት እንደ ኳስ ይነፋልና። «እንዲነፋ አድርጉትና ፎቶ እናንሣው» ይባላል። ከውሃ ውጭ ሲነፋ የሚውጠው አየር ነው። አየሩን መልሶ ማውጣት ካቃተው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፍና ይሞታል። ሥጋውም መርዝ ሊኖረው ስለሚችል አይበላም። ስለዚህ ለጨዋታ አይነፋ፤ ቶሎ ይለቀቅ።

የቡልጢም ነገር አለ። የናይል ቆሮሶ እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ትይዛለች። በዚያ ጊዜ ስለማትመገብ በመንጠቆ ብዙም አትያዝም፤ በመረብ ግን ትያዛለች። ስትደነግጥ የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። አፏ ውስጥ እንቁላል ያያችሁ እንደሆነ ፎቶም ይቅር። ከውሃው ሳትወጣ ትሂድ። እሷን ስንገድል ስንት ዓሣ እንደገደልን አስቡት።

የጣናው ትምህርት

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ዓሣ ይበዛል የሚል ካለ የጣናን ታሪክ እንንገረው። በደጃችን የሚያልፈው ጥቁር ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ባሕሪ የሚደርሰው። ውሃው አንድ ነው፤ ዓሣው ግን አንድ አይደለም። 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርደው ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የታችኛውን ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ዒጅል ጣና ውስጥ የለም። ጣና ደግሞ ባርበስ የተባሉ ትልልቅ ዓሦች አሉት፤ 15 የሚሆኑት ዓይነቶች በዓለም ላይ ከዚያ በቀር የትም አይገኙም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ጣና ገባ። በክረምት ወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዙት እንቁላል የያዙት እናቶች ናቸው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የነበረውን ሲያነጻጽሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓሦች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው አገኟቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ጣናን የሚያህል ሐይቅ አያልቅም ሲባል የነበረው ልክ አልሆነም።

እኛ ጁምዓ ጁምዓ በመንጠቆ የምናወጣት ከመረቡ ጋር አትወዳደርም። ነገር ግን የጣናው ትምህርት እናትን በመውለጃዋ ጊዜ እንተዋት የሚል ነው። በክረምት፣ ውሃው በደፈረሰበት ወራት ሆዷ ያበጠ ዓሣ ብትያዝ ቀድማ የምትለቀቀው እሷ ትሁን። ወንዙም ቢሆን እንደ ድሮው ክፍት መንገድ አይደለም። የሴናር ግድብ ከ1925፣ የሮሴሬስ ግድብ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ፤ የእኛም ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዓሣ ግድብ አይዘልም። በየክፍሉ ያለው ዓሣ እዚያው ያለውን እየተካ ይኖራል እንጂ ከሌላ ቦታ መጥቶ አይሞላለትም።

ከዓሣው በፊት ልጁ

ወላጆች፣ የወንዙን ዳር እንደ ድሮው አትመኑ። በክረምት ጥቁር ዓባይ ሲሞላ ሱዳኖች «ሀዳም» የሚሉት አለ፤ ውሃው ዳሩን ከሥር ይበላውና ሰው ሲቆምበት ይናዳል። በዚያ ወራት ልጆች ከጫፉ ይራቁ። ዋና የማይችል ልጅ ያለ ትልቅ ሰው አይውረድ። ውሃ የተኛበት ቦይና ኩሬ ውስጥ እግር አይነከር፤ ቢልሃርዝያ አለና። መንጠቆ የወጋው ልጅ የቴታነስ ክትባቱ ይታይለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጦርነቱ ትቶት የሄደው አለ። ያልፈነዱ ጥይቶችና ቦምቦች በከተማው ውስጥ ቀርተዋል። የሸምባት ድልድይ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ፈርሷል፤ በየወንዙ ዳር ውጊያ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ በየዕለቱ በሚመላለሱበት ቦታ ብቻ ውረዱ። ሰው የማይረግጠውን ዳር እናንተም አትርገጡ። ብረት የሚመስል ነገር ያየ ልጅ ሳይነካ ተመልሶ ለትልቅ ሰው ይናገር። የተቆረጠ ክርም ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፤ የወፍ እግር ያስራል።

በመጨረሻም

ንግግራችን ረዘመ፤ ለልጆቹ እንዲይዙት በአጭሩ እንናገር። እጅ እርጥብ ይሁን። ዓሣው ከውሃው አይራቅ። ከአሥር ቁጥር አይለፍ። ዋኝቶ ሳይሄድ ሄደ አይባል።

ልጆቻችን ብዙ መከራ አይተዋል። በትንሽነታቸው ሲሸሹ፣ ሲጠሙ፣ ቤት ሲዘጋባቸው አይተዋል። በእጃቸው የገባውን፣ ከእነሱ የሚያንሰውን ፍጡር እንዴት እንደሚይዙት ማስተማር ትንሽ ነገር አይደለም። ደካማን ይዞ ሳይጎዱ መልቀቅን በዓሣ የለመደ ልጅ በሰውም ላይ ይጠቀምበታል ብለን እናምናለን።

መንጠቆ ለመግዛት የሚመጣ ሁሉ እሾሁን ሱቃችን ውስጥ በፒንሳ እናስተኛለታለን፤ ለዚህ ዋጋ አንጠይቅም።

ፈጣሪ ለሱዳን ሕዝብ ሰላሙን ይመልስለት፤ አገራችንን ኢትዮጵያን ይባርክ፤ የተበተነውን ቤተሰባችንን ይሰብስብልን።